አገር ሳይሆን ሸይኽ ፈልጉ፦ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ቦታ ለምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፈው በኬሚስትሪና በቅርብ ዘመዶቹ ትምህርቶች ተመርቃችሁ የዶክትሬት ምርምር ቦታ ለምትፈልጉ ነው። «እናንተን የመስጂድ ሰዎች ኬሚስትሪ ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያደግነው መድረሳ ውስጥ ነው፤ ሥራችንም ኢማሙን ማገዝና ልጆች ማስቀራት ነው። ግን ወጣቱ ሲጨንቀው የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ያገባናል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው ረመዷን ዳንግላ ውስጥ ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወንድማችን ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። በኬሚስትሪ ማስተርሱን ጨርሷል፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። አሁን የሚውለው አጎቱ ሱቅ ውስጥ የስልክ ከቨርና ቻርጀር እየሸጠ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ኢሜይል ወደ አውሮፓ፣ ወደ ቻይናና ወደ አሜሪካ ልኳል። አንድም ሰው አልመለሰለትም። «ዱዓ አድርጉልኝ። ካልሆነ በመተማ በኩል ሊወጡ የተዘጋጁ ልጆች አሉ፤ እነሱን እከተላለሁ» አለን።

ዱዓ አደረግንለት። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፣ ሶብር አድርግ አልነው። የነገርነው ሁሉ ሐቅ ነው፤ ግን ጎደሎ ነበር፤ ምክንያቱም ሰበቡን አላየንለትም። ሰበቡን ያዩት አብረውን የነበሩ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው፤ እኛ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው። ስልኩን ተቀብለው ከደብዳቤዎቹ ሦስት አራቱን አነበቡና፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ታውቃለህ? የአንዳቸውን ጽሑፍ አንብበሃል?» ብለው ጠየቁት።

ዝም አለ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ነበሩ፤ የሚለወጠው ከላይ ያለው ስም ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ስሙም አልነበረም።

እኛም አፈርን። ያፈርነው በልጁ ሳይሆን በራሳችን ነው። ይህን ነገር እኮ ከማንም በላይ እኛ ልናውቀው ይገባ ነበር።

ደረሳ ዒልም እንዴት ይፈልግ ነበር?

የድሮው ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ ከቀዬው ሲነሳ «ወሎ እሄዳለሁ» ብሎ ብቻ አይነሳም። ነህው ለመቅራት ከሆነ በነህው ወደሚታወቁት ሸይኽ፣ ፊቅህ ከሆነ በፊቅህ ወደተመሰከረላቸው ሸይኽ ነው የሚሄደው። ሸይኹ የትኛውን ኪታብ እንደሚያስቀሩ፣ እሳቸውስ ከማን እንደቀሩ አስቀድሞ ያጣራል። ሲደርስም «ማን ዘንድ ቀራህ? የት ደረስክ?» ይባላል። መልሱ ካላጠገበ ወደ ጀማሪዎች ይመለሳል። ካጠገበ ግን ከየትም አገር ይምጣ፣ ደሃም ይሁን፣ ቦታ አያጣም።

የነቢዩላህ ሙሳን (ዐለይሂ ሰላም) ጉዞ በሱረቱል ከህፍ ሁላችንም ሰምተናል። ዒልም ፍለጋ የተነሱት ወደ አንድ አገር አልነበረም፤ ወደ አንድ ሰው ነበር። ሲደርሱም መጀመሪያ የተጠየቁት ሶብር ነው።

ዶክትሬትም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ «የት አገር ይሻላል?» እያለ ይጠይቀናል። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «እኔ የምፈልገውን ጉዳይ ዛሬ በደንብ የሚመረምረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሰውየው ከተገኘ አገሩ አብሮ ይገኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዶክትሬት እንደ ዲግሪ ክፍል ገብቶ፣ ኖት ጽፎ፣ ተፈትኖ የሚጨረስ አይደለም። በአንድ አማካሪ ሥር ሆኖ እስከዛሬ ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ መመለስ ነው። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት፣ አሜሪካ ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በብዙ አገር ደመወዙ ወይም አበሉ የሚወጣው ለዚያ ጥያቄ ከተመደበ የምርምር ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ኢሜይላችሁን ሲከፍት የሚያስበው «ይህ ልጅ ስንት አመጣ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ይህ ልጅ የእኔን ጥያቄ ለዓመታት ተሸክሞ ይዘልቃል ወይ?» ብሎ ነው።

የአዚዝ ሳንጃር መንገድ

አዚዝ ሳንጃር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 በቱርክ ማርዲን ግዛት፣ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ያልተማሩ ነበሩ፤ ልጆቻቸው እንዲማሩ ግን ቆርጠው ተነሱ። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው አዚዝ ኢስታንቡል ሄዶ ሕክምና ተማረ፤ ከዚያም ትውልድ አካባቢው ተመልሶ በሐኪምነት ሠራ።

ግን አንድ ጥያቄ ልቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። በአልትራቫዮሌት ጨረር ሊሞቱ የነበሩ ባክቴሪያዎች ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ያገግማሉ። እንዴት? ይህን ጉዳይ የሚያጠና ክላውድ ሩፐርት የሚባል ሳይንቲስት አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ ነበር። ሳንጃር ወደዚያ ሄደ። ዳላስን የመረጠው ለከተማዋ ብሎ አይደለም፤ ሰውየው እዚያ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶክትሬቱን ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ በሉ። ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራ የምርምር ቦታ ሦስት ቦታ አመለከተ፤ ሦስቱም አልተቀበሉትም። ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም፤ የል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ሠራ። ጥያቄውን ግን አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሴል የተጎዳ ዲኤንኤውን እንዴት እንደሚጠግን በማሳየቱ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

እ.ኤ.አ. በ2025ም ዑመር ያጊ ይህንኑ ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተካፍሏል። አማን ከተማ ውስጥ በፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በጠባብ ቤት ከብዙ ወንድምና እህቶቹ ጋር ያደገ ሰው ነው። እሱና የሥራ ባልደረቦቹ ከሠሯቸው ቁሶች መካከል ከበረሃ አየር ውስጥ ውሃ መሰብሰብ የሚችሉ አሉ። ውሃ በሚቸግርበት ቤት ያደገ ልጅ የውሃ ጥያቄ ይዞ ማደጉ ምን ይገርማል?

ይህን የምንነግራችሁ ሁላችሁም ኖቤል ታገኛላችሁ ለማለት አይደለም። መንገዱ በጥያቄ እንደሚጀምር ለማሳየት ነው።

ጥያቄው እግራችሁ ሥር ነው

«እኛ ምን ጥያቄ አለን? ላቡ እንኳ ሙሉ ባልሆነበት ተምረን» ትሉ ይሆናል። ረጋ በሉ። ከእንጅባራ ወጣ ብላችሁ ገበሬውን አናግሩ። «መሬቱ ማዳበሪያውን ይበላል፤ እህል ግን አይሰጥም» ይላችኋል። ይህ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ገበሬው በውድ የገዛው ፎስፈረስ ደግሞ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አይደርስም። ኖራ የሚበተነው ለዚህ ነው። ግን ለየትኛው ማሳ ስንት ኩንታል? ኖራው ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ዋጋው ካልቻለስ በምን ይታገዛል?

ፋግታ ለኮማን ደግሞ እዩ። ገበሬው ደከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ አዲስ ቅዳም ላይ ያስጭናል። ከከሰሉ የሚተርፈው ብናኝና አመድ አሲዳማውን አፈር ያክማል ወይ? ምን ያህል? ለስንት ዓመት? የዛፉ ልጣጭ ቆዳ ለማልፋት የሚሆን ታኒን አለው፤ እሱስ ለምን ይጣላል? በዓለም ላይ ስለ አፈር አሲድነትና ከሰልን ለአፈር ስለመጠቀም የሚመራመሩ ላብራቶሪዎች ብዙ ናቸው። ከነሱ ውስጥ የፋግታን ማሳ በእግሩ የረገጠ፣ ገበሬውን በአውንጊ የሚያናግር ተማሪ ያለው የትኛው ነው?

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም፤ አገራችን ውስጥ ተደርጎ ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ሲያዩ፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያጥቡበት እንዶድ የዓለም የምርምር ጉዳይ የሆነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከፍሬው የተለየው ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወንዙን ብዙ ሰው አይቶታል፤ «ለምን ሞቱ?» ብለው የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው።

በሮቹ የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ በሮቹን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ወጣት አንዱን በር ከሌላው ጋር እያምታታ ነው ጊዜውን የሚያቃጥለው።

አንደኛው በር በሥራ ማስታወቂያ የሚወጣ ቦታ ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ጀርመንም ብዙ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ማስታወቂያው ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፤ ማስተርስ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ማሪ ስኮሎዶውስካ ኪዩሪ የዶክትሬት መረቦችም ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ናቸው። የእነዚህ ቦታዎች ማስታወቂያ «ዩራክሰስ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው የአሜሪካ መንገድ ነው። እዚያ በቀጥታ ለትምህርት ክፍሉ ይመለከታል። በኬሚስትሪ ማስተርስ ሳይኖር በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መግባት ይቻላል። ተማሪው ላብ እያስተማረ ወይም ምርምር እየሠራ ክፍያው ይሸፈንለታል፤ አበልም ያገኛል። አማካሪውን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ከገባ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ማመልከቻው ላይ ከማን ጋር ለምን መሥራት እንደሚፈልግ መጻፍ አለበት። የብዙዎቹ ማብቂያ ቀን በኅዳር መጨረሻና በጥር መካከል ይውላል።

ሦስተኛው መንግሥታትና ድርጅቶች የሚሰጡት የነጻ ትምህርት ዕድል ነው፦ የቻይና መንግሥት፣ የቱርክ ቡርስላሪ፣ የሀንጋሪ ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም፣ የጀርመኑ ዳድ። እዚህ ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ ሁለት ነገር እንጨምር። ጅዳ ያለው የእስልምና ልማት ባንክ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያ የባንኩ አባል ስላልሆነች በዚህ ውስጥ ትገባለች። የየዓመቱን ጥሪ ከባንኩ ከራሱ ድረ ገጽ ተከታተሉ።

ሌላው ከጅዳ በስተ ሰሜን ቱወል ላይ ያለው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ለተቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርት ክፍያውን፣ መኖሪያውን፣ ሕክምናውንና አበሉን ይሸፍናል፤ በኬሚስትሪም ዶክትሬት ያስተምራል። ሳዑዲ ሲባል በእኛ መንደር የሚታሰበው የሰው ቤት ሥራ፣ የበረሃ መንገድና ከእስር ቤት ተጠርዞ መመለስ ነው። እዚያው ምድር ላይ ተማሪውን እየከፈለ የሚያስተምር ላብራቶሪ እንዳለ ለልጆቻችን አልነገርናቸውም። ይህ የእኛም ጥፋት ነው።

አራተኛው በር ቤታችን ያለው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክተሮችን ሲያፈራ ዐሠርት ዓመታት አልፈዋል፤ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራምም ምርምሩን ለረጅም ጊዜ ደግፏል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገር ውስጥ ለመማር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። አገር ውስጥ ተመዝግቦ የተወሰነውን ምርምር ውጭ አገር ላብራቶሪ ሄዶ መሥራትም ይቻላል፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ኬሚስቶች በዚህ መንገድ ነው የተማሩት። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በራችን ላይ ነው። ከመምህራኑ ጋር የአፈር ናሙና እየሰበሰባችሁ አንድ ጽሑፍ ብትሠሩ ከ40 ኢሜይል ይበልጣል።

ደብዳቤው ምን ይምሰል?

ጋሼ ለወንድማችን ያሳዩት እንዲህ ነው። አንድ የምርምር ጽሑፍ አንብብ። ከደራሲዎቹ ስም አጠገብ ኮከብ ያለበትን ፈልግ፤ ደብዳቤ የሚቀበለው እሱ ነው። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፍ፤ ስልክ ላይ በአንድ እይታ የሚያልቅ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንክና ምን እንደምትጠይቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። ቀጥሎ ከጽሑፉ ያነበብከውንና ያስነሳብህን ጥያቄ አስቀምጥ። ከዚያ አንተ በእጅህ የሠራኸውን ግለጽ፦ ምን ናሙና፣ በምን መሣሪያ፣ ምን አገኘህ። በመጨረሻም ቦታ ይኖረው እንደሆነ ጠይቅ። ሲቪህንና ትራንስክሪፕትህን አያይዝ። አለቀ። ማሞገስ፣ መለመን፣ ስለ ድህነት ማውራት አያስፈልግም።

ሁለት አደራ አለን። አንደኛ፣ አትዋሹ። ያልነካችሁትን መሣሪያ ነካን አትበሉ። ኤንኤምአር በመጽሐፍ ብቻ ካወቃችሁት በመጽሐፍ አውቀዋለሁ በሉ። ውሸት ቃለ መጠይቁ ላይ በሁለት ጥያቄ ይጋለጣል፤ ባይጋለጥም ሐላል አይደለም። ሁለተኛ፣ በገንዘብ የሚገዛ ጽሑፍ አታሳትሙ። በጥቂት ቀን ውስጥ «ተቀብለነዋል፣ ክፈል» የሚል ጆርናል ስማችሁን ያበላሻል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አገራችን ውስጥ የሚታተም፣ ዓለም የሚያውቀው ጆርናል ነው። መጀመሪያ እሱን አንብቡ፤ በየትኛው ላብ ማን ምን እንደሚሠራም ከዚያ ታገኛላችሁ።

ሪኮመንዴሽንም እንደዚሁ ነው። እኛ ዘንድ ተዝኪያ የሚሰጠው ተማሪውን የሚያውቅ ሸይኽ ነው። ስማችሁን እንኳ የማያስታውስ ትልቅ ባለሥልጣን ከሚጽፍላችሁ ይልቅ ላብ ውስጥ ሲያያችሁ የከረመ መምህር ቢጽፍላችሁ ይሻላል።

ከደላላ ተጠንቀቁ

ከተማችን ውስጥ «ፒኤችዲ አስገባለሁ» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንዳለ ሰምተናል፤ የከፈሉ ልጆችም እያለቀሱ መጥተውብናል። ምልክቱን እወቁ። እውነተኛ የዶክትሬት ቦታ ለእናንተ ይከፍላል እንጂ እናንተን አያስከፍልም። አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ እሱም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው በራሱ ገጽ ይከፈላል፤ ካቃታችሁ እንዲቀርላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ለእኔ በስልክ ባንኪንግ አስገባ፣ ቦታው በእጄ ነው» የሚል ሰው ሌባ ነው።

ለእህቶቻችን

እንጅባራ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር አንዲት እህታችን፣ «የእኔን ጉዳይ ማንም አያነሳውም» ብላ ወቅሳናለች። እውነቷን ነው። ብዙ ጎበዝ ሴት ተማሪዎች ማስተርስ ላይ የሚቆሙት ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ቤተሰቡ «ብቻዋን የት ትሄዳለች?» ብሎ ጉዳዩን ሳይመክርበት ስለሚዘጋው ነው። የጉዞውን ሸርዓዊ ጉዳይ ከምታምኑት ዓሊም ጋር ተነጋገሩ። ግን በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ያሉትን አማራጮች ቁጠሩ፦ ባሕር ዳር አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ከባል ጋር መሄድ የሚቻልባቸው አገሮች አሉ። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶችን የሚያግዝ፣ መቀመጫው ጣሊያን ትሪየስቴ የሆነ ድርጅትም አለ። አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ያመጣችውን ወረቀት ቢያንስ አብራችሁ አንብቡት።

የጀማዓው ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት የሰፈራችን አንድ ልጅ ሊቢያ ውስጥ በአጋቾች ተያዘ። እናቱ የልጇን ጩኸት በስልክ ሰምታ መስጂድ በር ላይ ወደቀች። ጀማዓው በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘብ አዋጣ። ነጋዴው ሰጠ፤ ሊስትሮው ሰጠ፤ ሴቶች ወርቃቸውን አወለቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተለቀቀ። በዚያ ሥራ አንጸጸትም፤ ነገም ቢሆን እናደርገዋለን።

ግን እንጠይቅ። ያ ልጅ ከመሄዱ በፊት ዲግሪ ነበረው። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳውን መክፈል ነበረበት። ፓስፖርት፣ ሰነድ ማረጋገጫ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ለቤዛው ከሰጠነው ትንሽ ክፍል አይሞላም። ያኔ ማንንም አልጠየቀም፤ ማንም አልጠየቀውም። ለቤዛ እጃችን የሚፈታውን ያህል ለፈተና ክፍያ ለምን ይጠብቃል?

«መስጂዱ ለዲን ዒልም እንጂ ለኬሚስትሪ አይደለም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸውን እናከብራለን፤ ማንም የዲኑን ዒልም ትቶ ይሂድ አላልንም። ግን ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋል፤ በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ፈን ሲጎርፍ ሕክምናን የሚይዝ ሙስሊም መጥፋቱንም ወቅሰዋል። የገበሬውን አፈር ማከም፣ የከተማውን ውሃ መመርመር፣ መድኃኒቱን ማጣራት አንድም ሰው ካልያዘው ወንጀሉ የሁላችን ነው።

ስለዚህ የምንለው ትንሽ ነገር ነው። በየመስጂዱ ለሰነድና ለፈተና የምትሆን የብድር ሣጥን ትኑር፤ ልጁ ሲሳካለት ለቀጣዩ ይመልሳል። ጡረታ የወጡ መምህራን በወር አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ተቀምጠው ደብዳቤ ያርሙ። ውጭ ያላችሁ ወንድሞች ዶላር ከመላክ በተጨማሪ ለአንድ ልጅ የቃለ መጠይቅ ልምምድ በስልክ ስጡ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ስንት ማብቂያ ቀን እንዳለፈ እናውቃለን፤ ጥሩ መስመር ያለው ቤት ወይም ቢሮ ያለው ሰው ለአንድ ሰዓት ይፍቀድላቸው።

ያ ወንድማችን

ዳንግላ ያለው ወንድማችን ከዚያ ሌሊት በኋላ የጅምላ ደብዳቤውን ተወ። ስለ ኖራና ስለ ከሰል ብናኝ ጽሑፎች አነበበ። የአጎቱን ማሳ አፈር በላስቲክ ይዞ ወደ ቀድሞ መምህሩ ሄደ። ከዚያ ለስድስት ሰዎች ብቻ ጻፈ። ሁለቱ መለሱለት። አንዱ «ዘንድሮ ገንዘብ የለኝም፤ ሥራህ ግን ጥሩ ነው» አለው። ሌላኛዋ ስለ አፈሩ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱን ይዞ ወደ ማሳው ተመለሰ። ለቃለ መጠይቁ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶበት መንገድ ላይ ሲሮጥ አየነው። በማግስቱ ምክንያቱን ጽፎላት ሌላ ቀን ሰጠችው።

ቦታውን ገና አላገኘም። ላያገኝም ይችላል፤ ሳንጃርም ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ግን አሁን የሚጠብቀው ከአንድ ሰው መልስ ነው፤ የሚያውቃት፣ የምታውቀው ሰው። ስለ መተማ ካወራ ቆይቷል።

እናንተስ የምትፈልጉት ሸይኽ ማን ነው? ዛሬ ከዒሻእ በኋላ አንድ ጽሑፍ ክፈቱና ኮከቡን ፈልጉ። ደብዳቤ የሚያርምላችሁ ካጣችሁ መስጂድ ኑ፤ ጋሼ ጋ እንወስዳችኋለን።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ መንገዳችሁን ያግራላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።